ዝናሙን አይቶ ወባን የሚተነብይ መሣሪያ

በምዕራብ ጎጃም ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚሄድ መንገደኛ በመስከረም ወር የሚያየው አገር ለዐይን ደስ የሚያሰኝ ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ በአናቱ ላይ አበባውን አውጥቷል፤ በርበሬው ፍሬ ይዟል፤ ክረምቱ ጥሎት የሄደው ውሃ በየጎድጓዳውና በየመንገዱ ዳር ተኝቷል። ዋና ከተማው ሽንዲ የሆነው የወምበርማ ወረዳ ወደ አባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ ለም ምድር ስለሆነ እህሉ ይበረክትለታል። ዳሩ ግን ይኸው ወቅት ከጤና ጣቢያው በር ላይ ሆነው ሲያዩት መልኩ ይለወጣል። ትኩሳት የያዛቸው ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጣሉ፤ በማሳው ላይ ሊገኝ የሚገባው ጎልማሳ ጋቢውን ተከናንቦ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣል። አባቶቻችን ንዳድ ይሉት የነበረው የወባ በሽታ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወሮች ይበረታልና ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ሕክምና በዚህ ገጽ ለመጻፍ ስንነሣ ከዚህ አገር መጀመራችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ብዙው ተማሪ ስለዚህ ጥበብ ሲነገር በሐሳቡ የሚመጣበት በባሕር ማዶ ታላላቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ቆሞ ቀዶ ጥገና የሚያደርግ የብረት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለወሬ ያምራል። ለአገራችን የገጠር ሕዝብ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም በሽታው ከመድረሱ በፊት መምጣቱን የሚናገር መሣሪያ ማግኘት ነው። ይህም በሐሳብ ብቻ ያለ ሳይሆን በአማራ ክልል ውስጥ ተሞክሮ የታየ ስለሆነ ዛሬ በዚሁ ላይ እንናገራለን።

አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ወደ 1951 ዓ.ም. መለስ ብሎ ማየት ይበቃል። በ1950 ዓ.ም. የዘነበው የክረምት ዝናም ከልማዱ የበዛና የረዘመ ነበር፤ ሙቀቱም እንደዚሁ ከፍ ብሎ ነበር። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወባ ከለመደው ቆላ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ወረረ። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ በሽታውን ስላልለመደው በሰውነቱ ውስጥ የሚቋቋምበት ኃይል አልነበረውም። ጉዳዩን በጊዜው የመረመሩት ባለሙያዎች የታመመውን ሰው ወደ 3 ሚሊዮን፣ የሞተውንም ወደ 150,000 ገምተውታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ መዓት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እንግዲህ ያን ዝናም በሰኔና በሐምሌ ሲወርድ ሁሉም ሰው አይቶታል፤ ነገር ግን ዝናሙን በኅዳር ከሚታመመው ሰው ጋር አገናኝቶ አስቀድሞ የሚያሰላ አልነበረም።

ስሌቱ እንዴት ይቻላል ቢባል፣ በዝናሙና በትኩሳቱ መካከል ሰፊ ጊዜ ስላለ ነው። ዝናሙ ኩሬ ይተዋል፤ ሴቲቱ ትንኝ በኩሬው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እንቁላሉ እጭ፣ እጩም ክንፍ ያለው ትንኝ እስኪሆን ድረስ እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚህ በኋላ ትንኟ የታመመ ሰው ነክሳ የወባውን ተሕዋስ ከደሙ ጋር ስትመጥ፣ ተሕዋሱ በውስጧ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ሌላ ዐሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። አየሩ በቀዘቀዘ መጠን ይህ ዕድገት እየዘገየ ይሄድና ፋልሲፓረም ለተባለው ወባ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን ይቆማል ለማለት ይቻላል፤ ደጋው ከወባ የዳነው በዚህ ምክንያት ነው። ጤነኛው ሰው ከተነከሰ በኋላም ትኩሳቱ እስኪነሣበት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያልፋል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከዝናሙ እስከ ሕመሙ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይሆናል። ለጤና ሠራተኛው ያ ጊዜ መድኃኒት የሚያስጭንበት፣ አጎበር የሚያድልበት፣ ኩሬ የሚያስደፍንበት ጊዜ ነው፤ አስቀድሞ ካወቀ።

ይህን ጊዜ ለመጠቀም ተብሎ የተሠራው ሥርዓት ኤፒዴሚያ ይባላል። የጀመሩት በአሜሪካ የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በእኛ በኩል የአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እንዲሁም የጤና፣ ልማትና ፀረ ወባ ማኅበር ተባባሪዎች ሆነዋል። ሙከራው በክልሉ 47 ወረዳዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ተገልጧል። በሰማይ የሚዞሩት ሳተላይቶች፣ በፊት ሰው ሠራሽ ጨረቃ እንላቸው የነበሩት፣ የየወረዳውን የዝናም መጠን፣ የምድሩን ሙቀትና የቅጠሉን እርጥበት ይለካሉ። በሌላ በኩል ከጤና ተቋማት በየሳምንቱ የሚመጣው የወባ ሕሙማን ቍጥር አለ። ኮምፒዩተሩ የብዙ ዓመቱን ልኬትና የብዙ ዓመቱን ቍጥር ጎን ለጎን አኑሮ፣ በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ዝናም ከወረደ ከስንት ሳምንት በኋላ ሕሙማኑ እንደሚበዙ ከመዝገቡ ይማራል። ከዚያም የመጪዎቹን ሳምንታት ቍጥር ይገምታል፤ ግምቱ በወቅቱ ከሚጠበቀው በላይ ከሆነም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

«ይህማ የስታቲስቲክስ ስሌት እንጂ አስተውሎት አይደለም» የሚል የሒሳብ ተማሪ ይኖር ይሆናል። እኛም አንከራከረውም፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙምና። የሆነ ሆኖ ዛሬ በዚህ ስም ከሚጠራው ጥበብ ውስጥ ብዙው፣ ገለባው ተለይቶ ሲታይ፣ ካለፈው ብዙ ምሳሌ ተምሮ ያልታየውን መገመት ነው። መሣሪያው ወባ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው አንዱ ቍጥር ከሌላው ቍጥር ጋር እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰጡት ቍጥር የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን አጥንቶ፣ በልበ ሙሉነት መልሶ ይናገረዋል።

ታዲያ ያን ቍጥር የሚጽፈው ማነው? ጽሑፋችን በተለይ ወጣት ሠራተኞችን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲኖሩ ተደርጓል። ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ጣቱን ወግታ በፈጣን መመርመሪያው የምታየው፣ ውጤቱንም በመዝገብ የምታሰፍረው ይህች ሠራተኛ ናት። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠርና ድምሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። እንግዲህ በሰማይ ያለው ሳተላይት የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ ሥርዓቱ ስለ ሰዎቹ የሚያውቀው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚያች ጤና ኬላ ጠረጴዛ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። በሳምንቱ ውስጥ አንድም የወባ ሕመምተኛ ካልመጣ በቅጹ ላይ ዜሮ ይጻፋል። ሪፖርቱ ጨርሶ ካልመጣ ግን ቦታው ባዶ ይሆናል። ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም፤ ዜሮ «ፈልገን አላገኘንም» ማለት ሲሆን ባዶ «አልሰማንም» ማለት ነው። ሠንጠረዡ እንዲያምርለት ብሎ ባዶውን በዜሮ የሚሞላ ጸሓፊ፣ በሽታው በበረታበት ሳምንት ቀበሌው ጤነኛ ነው ብሎ ለመሣሪያው ያስተምረዋል። ይህም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ነገሩ በከፋበት ወቅት ነው፤ ወንዝ ሲሞላ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የስልክ መረብ ሲቋረጥ፣ መመርመሪያው ሲያልቅ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጤና አገልግሎቱ በብዙ ቦታ በታወከበት ጊዜ፣ ባዶው ቦታ ስንት ሕመምተኛ እንደሸሸገ ማሰብ ለማንም አያዳግትም።

ከዚህም ሌላ ቍጥሩ የሚቆጥረው የታመመውን ሰው ሳይሆን ታሞ የመጣውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው የመለኪያ ጉድለት ሀብታሞቹን አገሮችም አሳስቷል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሠራበት የነበረ አንድ የኮምፒዩተር ስሌት፣ ተጨማሪ ክብካቤ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ የትኛው እንደሆነ ለመምረጥ የሕክምና ወጪውን እንደ መለኪያ ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት እንደታየው፣ ለጥቁሮቹ ሕሙማን የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበረ ስሌቱ እነርሱን ከእውነቱ ይልቅ ጤነኞች አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ስሌቱ ቢታረም ተጨማሪ ክብካቤ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ እንደሚያድግ ተመራማሪዎቹ አሳይተዋል። በአባይ ሸለቆ አፋፍ የሚኖር ገበሬም ወደ ጤና ኬላው የሚወስደው መንገድ ስለራቀው በቤቱ ሆኖ ቢያተኩሰው፣ ለመሣሪያው ያው ጤነኛ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ በቆሎው እንመለስ፤ ነገሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1998 በቡሬ አካባቢ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ወባው ለምን እንደዚያ እንደበረታ ለማወቅ ከተደረጉት ምርመራዎች መካከል ኢትዮጵያዊው አስናቀው ከበደ፣ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት አንድ ያልታሰበ ነገር አመለከተ። በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የታየው የወባ መጠን በቆሎ ጥቂት በሚዘራባቸው ቦታዎች ከታየው በ9 እጥፍ ተኩል በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ከአበባው የሚረግፈው ብናኝ ነው። ብናኙ በማሳው ዳር ባለው ኩሬ ላይ ሲወርድ የትንኟ እጭ ትመገበዋለች፤ ይህን ምግብ ያገኘች እጭም ቶሎ ታድጋለች፣ ትገዝፋለች፣ ሳትሞት ለክንፍ የመድረስ ዕድሏም ይበዛል። ይልቁንም ዘግይተው የሚደርሱት ምርጥ ዘሮች አበባቸውን የሚያራግፉት ዝናሙ በሚቀንስበትና ኩሬው ረግቶ በሚተኛበት ሰሞን መሆኑ ነገሩን አባብሶታል።

ከዚህ የተነሣ በቆሎ ይነቀል የሚል ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ምርጥ ዘሩ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ለምለም መሬት ያያል፤ ዝናሙን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ብቻ የተማረ መሣሪያ ግን ለምለሙ በቆሎ ይሁን ዳጉሳ፣ በቆሎውስ አበባውን የሚጥለው በዚህ ሳምንት ይሁን በሚቀጥለው አይጠየቅምና አይመልስም። በየቀበሌው ያለው የግብርና ልማት ሠራተኛ ግን የትኛው ዘር በየትኛው ጎጥ በስንት ሄክታር ላይ እንደተዘራ በመዝገቡ አለው። የግብርናው ጽሕፈት ቤትና የጤናው ጽሕፈት ቤት በአንዲት የወረዳ ከተማ እየኖሩ፣ የአንዱ ወረቀት ከሌላው ጠረጴዛ ሳይደርስ ዓመቱ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ከራሱ ሊያውቀው አይችልም። መንገሩ የሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያው በር ማይክሮስኮፕ ነው። ወባን በማይክሮስኮፕ መመርመር ዐይን የሚያደክም ሥራ ነው። የቤተ ሙከራ ባለሙያው የደሙን ጠብታ በመስተዋት ላይ ቀብቶ፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም አቅልሞ፣ አንዱን ሕመምተኛ «ነፃ ነው» ከማለቱ በፊት ቢያንስ መቶ ጊዜ መስተዋቱን እያንቀሳቀሰ ማየት አለበት። በጥቅምት ወር የሚሰለፈውን ሰው ብዛት ያየ፣ ከምሳ በኋላ የሚመረመረው መስተዋት ከጧቱ እኩል አይታይም ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ስለዚህ በማይክሮስኮፑ ላይ ካሜራ አድርጎ ሥዕሉን ኮምፒዩተር እንዲያነበው ማድረግ መልካም ሐሳብ ነው፤ በዓለም ላይም እየተሞከረ ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የወባን መልክ የተማረው ከየት ነው? በዚህ ጥናት ከሚሠራባቸው የታወቁ የሥዕል ስብስቦች አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው ሲሆን በውስጡ 27,558 የደም ሕዋስ ሥዕሎች አሉት። የተገኙትም በባንግላዴሽ አገር ቺታጎንግ ከሚገኝ ሆስፒታል፣ ፋልሲፓረም ከያዛቸው 150 ሰዎችና ከ50 ጤነኞች ነው። በእነዚህ ላይ የተማሩ ኮምፒዩተሮች ከመቶ ከ95 በላይ ትክክል እንደሆኑ ተጽፏል። ውጤቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በአገራችን ከፋልሲፓረም ሌላ ቫይቫክስ የተባለው ወባ በብዛት አለ፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለፋልሲፓረም ኮአርተም ሲሰጥ ለቫይቫክስ ክሎሮኪን፣ በጉበት ውስጥ ተደብቆ እንዳያገረሽም ፕሪማኪን ይሰጣል። አንደኛውን ብቻ የተማረ መሣሪያ «ወባ የለም» ሲል ሁለተኛው ላይኖር ይችላል ወይስ ሊኖር ይችላል? የቀለሙ ጥራት፣ የውሃው ዓይነት፣ የመብራቱ መድመቅ ሁሉ ሥዕሉን ይለውጠዋልና በቺታጎንግ ያለፈ ፈተና በሽንዲ እንደገና መፈተን ይኖርበታል።

እንዲህ ማለታችን ከጥርጣሬ ብዛት እንዳይመስል የታይላንድን ነገር እንጥቀስ። ጉግል የተባለው ኩባንያ የስኳር በሽታ በዐይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚለይ መሣሪያ ሠርቶ፣ በሙከራ ጊዜ ከባለሙያ የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ሥራ ላይ ሲውል የሆነውን ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሳቸው ገለጡ። ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ሥዕሎች ውስጥ 21 በመቶውን መሣሪያው ጥራታቸው አይበቃም ብሎ መለሳቸው። ብዙው ክሊኒክ ዐይን የሚያነሣበት ጨለማ ክፍል አልነበረውም። የኢንተርኔቱ መስመር ሲዘገይ ወረፋው ረዘመ። ሥዕሉ የተመለሰበት ሕመምተኛም በሌላ ቀን ወደ ሩቅ ሆስፒታል እንዲሄድ ይታዘዝ ነበር። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተሠራው ግን ለሌላ ክፍል ነበር።

በሌላ በኩል ፈተናውን ያለፉ ሥራዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረመሩ የደረታቸውን ራጅ ከሐኪም ይልቅ ኮምፒዩተር ሊያነበው እንደሚችል ፈቅዷል። ራጅ አንባቢ ሐኪም በሌለበት አገር ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚለየው ሊመረመር የሚገባውን ሰው ነው፤ በሽታው መኖሩ የሚረጋገጠው አሁንም በአክታ ምርመራ ነው።

የትንቢቱ መሣሪያ ትክክል ቢናገርስ ምን ይሆናል? ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 እ.ኤ.አ. 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ይህን ያህል ሕመምተኛ የበዛው ማንም ስላልተነበየ ብቻ አይደለም። ግጭት፣ መድኃኒት የለመደ ተሕዋስ፣ የርጭት ኬሚካል የማይገድላት ትንኝ፣ የአየሩ መለዋወጥ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የታየችው በከተማ የምትራባው አዲሷ ትንኝ፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን ይዘዋል። ማስጠንቀቂያ ለብቻው አጎበር አይሆንም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት «ከስድስት ሳምንት በኋላ ወባ ይበረታል» የሚል ወረቀት ቢደርሰው፣ በመጋዘኑ ያለው ኮአርተም ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ ተጨማሪ ለማስመጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ መኪናው ነዳጅ እንዳለው፣ ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ ያን ዕለት ማወቅ አለበት። እነዚህ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካላለቁ ትንቢቱ ከሕመሙ እኩል ይደርሳል።

መንግሥት ጉዳዩን ችላ አላለውም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም በማዕከልነት ስሙ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቋቁሟል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የአንድን ሰው የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ውስጥ መድቦታል። ወጣት ሠራተኞቻችን አዋጁን አግኝተው ቢያነቡት እንመክራለን፤ ነገ በእጃቸው የሚያልፈው የሕሙማን መዝገብ ብዙ ነውና። በወረቀት የተጻፈ መዝገብ ቢጠፋ የጠፋው ከአንድ ቤት ነው፤ በመረብ የሚጓዘው ግን ከወጣ የሚሰበስበው የለም።

የኢትዮጵያ የጤና ሪፖርት ሳምንት የሚዘጋው እሑድ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን በወምበርማም ሆነ በጃቢ ጠህናን የሚገኙ ጤና ኬላዎች የሳምንቱን የትኩሳት ሕሙማን ይደምራሉ። ድምሩ ሰኞ ጧት ይላካል።